በሰፈሩት ቁና

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በግፈኛ ላይ ነው፤ ለሌላው ያጎደለ ለራሱም እንደሚጎድልበት ለማስጠንቀቅ። ይሁን እንጂ ከተረቱ ውስጥ ዕቃውን ብቻ ነጥሎ ለሚመለከት ሰው ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ቁናውን የሠራ ሰው አለ። በቁናው የሚሰፍር ነጋዴ አለ። እህሉ ተሰፍሮለት ወደ ቤቱ የሚገባም አለ። ከሦስቱ መካከል ስለ ቁና አሠራር አንዳች የማያውቀው የመጨረሻው ነው፤ ቁናው ቢጎድል ግን የሚራበው እርሱ ነው። ይህ ሰው «ቁናው ጎደሎ ነው» ብሎ ቢጮህ፣ «አንተ ስለ ቁና ሥራ ምን ታውቃለህ?» የሚለው ምላሽ እውነት መልስ ሊባል ይችላልን?

የዘመናችን ትልቁ ቁና በዓይን አይታይም። አንድ ድረ ገጽ ናይሮቢ ውስጥ ባለ ስልክም ሆነ ስቶክሆልም ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር እንዲነበብ የሚያደርጉት የጋራ ደንቦች ናቸው። ባለሙያዎቹ የድር ደረጃዎች ይሏቸዋል። የድር ፈጣሪ የሆነው ቲም በርነርስ ሊ በ1994 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የተባለውን ማኅበር ያቋቋመው እነዚህን ደንቦች በስምምነት ለማውጣት ነበር። በ2004 ደግሞ ከአፕል፣ ከሞዚላና ከኦፔራ የመጡ ባለሙያዎች የማኅበሩ አካሄድ አላረካቸውምና የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። በእነዚህ ጉባኤዎች የሚቀመጡት መሐንዲሶች በሕዝብ የተመረጡ አይደሉም። አብዛኞቹ የኩባንያ ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ጥቂቶቹም በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ። ሰነዶቻቸውን ማንም ሊያነብ ይችላል፤ ቋንቋቸው ግን ለሙያው ባይተዋር ለሆነ ሰው የተቆለፈ በር ነው። እነርሱ የሚያወጡት ልክ ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚሰፈርበት ልክ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ ከውጭ ሆኖ የሚመረምረው ብዙውን ጊዜ ጋዜጠኛ ነው። በጋዜጠኛውና በባለሙያው መካከል የሚነሳው ግጭት ከሙያ ክርክርነት አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ልክ የሚያወጣ ሰው ልኩን ለማያውቀው፣ ነገር ግን ለሚሰፈርበት ሰው ምን ዕዳ አለበት የሚል ነው።

በኦክቶበር 2010 ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ዘገባ አወጣ። በዚያን ጊዜ ገና በመሰናዳት ላይ የነበረው የድር ቋንቋ፣ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል 5፣ የሰውን የግል ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል የሚል ሥጋት የተገለጸበት ዘገባ ነበር። አዲሱ ቋንቋ ድረ ገጾች በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ከቀድሞው የበዛ መረጃ እንዲያስቀምጡ ስለሚፈቅድ፣ ማስታወቂያ ነጋዴዎች የሰውን ዱካ ለመከተል ይመቻቸዋል የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። ዘገባው ሳሚ ካምካር የተባለ ፕሮግራመር በዚያው ሰሞን የሠራውን መሣሪያም ጠቀሰ። መሣሪያው አንዱን መለያ ምልክት በኮምፒዩተሩ ውስጥ በብዙ ስፍራ ይደብቃል፤ ከአንዱ ስፍራ ቢሰረዝ ከሌላው ተነሥቶ ራሱን መልሶ ይተክላል።

ከሙያው መንደር የተሰማው ምላሽ በሦስት ሐረጎች ሊጠቃለል ይችላል። «ትክክል አይደለም»፣ «አዲስ አይደለም»፣ «የእኛ ጉዳይ አይደለም»። ትክክል አይደለም የተባለው፣ የካምካር መሣሪያ ከሚጠቀምባቸው መደበቂያዎች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የፍላሽ ማከማቻና የተራው ብራውዘር የምስል ክምችት፣ ከአዲሱ ቋንቋ ጋር ዝምድና ስለሌላቸው ነው፤ ደግሞም የማከማቻው ደንብ ከዋናው ሰነድ ተለይቶ ለብቻው ወጥቷልና በጠባቡ አነጋገር ኤች.ቲ.ኤም.ኤል 5 ሊባል አይገባውም። አዲስ አይደለም የተባለው፣ ኩኪ የሚባለው ትንሽ የምልክት ማስቀመጫ ከ1994 ጀምሮ ስለነበረ ነው። የእኛ ጉዳይ አይደለም የተባለው ደግሞ፣ ማከማቻውን የሚቆጣጠረው ብራውዘሩን የሚሠራው ኩባንያ እንጂ ደንቡን የሚጽፈው ጉባኤ አይደለም በሚል ነው።

ባለሙያዎቹን ያለ ርኅራኄ መፍረድ ፍትሕ አይሆንም። ከላይ ከተዘረዘሩት መልሶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጭብጣቸው እውነት ናቸው። ዓመታት የፈጀ ሥራ፣ በየቃሉ ክርክር የተደረገበት ሰነድ፣ በአንድ የጋዜጣ አምድ ውስጥ ስሙ ተሳስቶ፣ ከማይዛመደው ጋር ተዛምዶ ሲወጣ ማየት ያማል። ሕመሙም ከትዕቢት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሥራውን የሚወድ ሰው፣ ሥራውን በማይወድ ሰው አንደበት ሲገለጽ መስማት ይከብደዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ተግሣጽም ከባለሙያው ጎን ይቆማል።

የጥንቱ ዓለም ለዚህ ስሜት የሚሆን ታሪክ አለው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው፣ የግሪኩ ሠዓሊ አፔሊስ ሥዕሉን በአደባባይ አኑሮ ከኋላው ተደብቆ የሰውን አስተያየት ያዳምጥ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ በጫማው ሥዕል ላይ የጎደለ ነገር ቢያገኝ ተናገረ፤ ሠዓሊውም አረመ። ጫማ ሰፊው በማግስቱ ሲመለስ ነቀፋው መሰማቱን አይቶ ልቡ ተነሣሣና ስለ እግሩም አሣሣል ይተች ጀመር። አፔሊስ ይህን ጊዜ ከተደበቀበት ወጥቶ ጫማ ሰፊ ከጫማ በላይ እንዳይፈርድ ገሠጸው ይባላል። የሙያ ሰዎች ይህን ታሪክ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁንና ታሪኩን በጥሞና ላነበበው ሰው ከተግሣጹ በፊት የሆነው ነገር ይበልጣል። አፔሊስ ተደብቆም ቢሆን ያዳምጥ ነበር፤ ትክክለኛውን ነቀፋ ሲሰማም ብሩሹን አነሣ። ከዚህም በላይ ሥዕልና ደንብ አንድ አይደሉም። ሥዕሉን የጠላ ሰው ፊቱን አዙሮ መሄድ ይችላል። የድርን ደንብ የጠላ ሰው ግን መሄጃ የለውም፤ ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የዘመድ ደብዳቤውም በዚያው ደንብ ላይ ቆመዋልና።

አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል የተቃራኒውን ወገን ክርክር ያቀርባል። በእርሱ አባባል ሠሪው ብቻውን ወይም ከሁሉ አብልጦ የማይፈርድባቸው ሙያዎች አሉ። ቤቱን ከአናጢው ይልቅ የሚኖርበት፣ መሪውን ከሠራው ይልቅ መርከቡን የሚነዳው፣ ግብዣውንም ከወጥ ሠሪው ይልቅ እንግዳው ያውቀዋል። ነገሩ ግልጽ ነው። ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ዓይነት ዕውቀት አለ፤ እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅና ሰውን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ። የመጀመሪያው የባለሙያው ነው። ሁለተኛው ግን ዕቃው ባረፈበት ሰው ዘንድ ይገኛል፤ ባለሙያው ሊያገኘው የሚችለውም ጠይቆ ብቻ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ልዩነት እንግዳ ሊሆን አይገባም። ፊደላችን በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም 345 ምልክቶች ይዞ ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ደንቡ ከጸደቀም በኋላ ቢሆን ፊደሉ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ወዲያው አልታየም፤ የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ ለገበያ የቀረበው ቪስታ በተባለው፣ በ2007 ለሕዝብ በተሸጠው እትም ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ገጹን ሲከፍት ባዶ ሣጥኖች የተደረደሩለት ሰው «ኢንተርኔት አማርኛ አይችልም» ቢል፣ በሙያው ሚዛን ተሳስቷል። ደንቡ ነበረ፤ የጎደለው በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለው የፊደል ቅርጽ ነበር። ነገር ግን ይህን ተረድቶና ታርሞ ወደ ገጹ ቢመለስ ምን ያያል? ያንኑ ሣጥን። የበሽታውን ስም ተሳስቷል፤ መታመሙን ግን አልተሳሳተም።

የ2010ሩም ክርክር በዚህ ዓይን ሲታይ መልኩ ይለወጣል። ጋዜጣው የበሽታውን ስም በከፊል ስቷል፤ ሕመሙ ግን ነበረ። የሚገርመው ደግሞ ማስረጃው የተገኘው ከሌላ አለመሆኑ ነው። የማከማቻው ደንብ ረቂቅ ራሱ፣ ስለ ግል ሕይወት በሚናገረው ክፍሉ፣ በብዙ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ የሚያስቀምጥ ሦስተኛ ወገን በማከማቻው ውስጥ መለያ ቁጥር አኑሮ ሰውን ሊከታተል እንደሚችል ያስጠነቅቅ ነበር። ጋዜጠኛው በተራ ቋንቋ የጮኸውን የደንቡ ጸሐፊዎች በራሳቸው ቋንቋ አስቀድመው ጽፈውታል ማለት ነው። ስለዚህ «ትክክል አይደለም» የሚለው መልስ ስለ ዝርዝሩ እውነት ሆኖ ሳለ ስለ ፍሬ ነገሩ ግን መሸሻ ሆነ።

«አዲስ አይደለም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ የቆየ መሆኑ ለተጎጂው ማጽናኛ ሊሆነው አይችልም፤ እንዲያውም «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቁ ነበር?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይወልዳል። «የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የደንቡ ጉባኤ ወደ ብራውዘር ሠሪው ያመለክታል፤ ብራውዘር ሠሪው ወደ ማስታወቂያ ነጋዴው፤ ነጋዴውም «ደንቡ ፈቅዶልኛል» ብሎ ወደ ጉባኤው ይመልሳል። በየራሱ ኮምፒዩተር የሚሠራው መሐንዲስ የተከማቸውን ዱካ ማጥፋት ያውቅበታል። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ወይም ካምፓላ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ፣ ከእርሱ በፊት ዐሥር ሰው በተቀመጠበት ኮምፒዩተር ላይ ግማሽ ሰዓት የሚከራይ ተማሪ ግን ምን በላዩ እንደሚከማች ማወቂያም ማጥፊያም አልነበረውም። ሦስቱም ጣታቸውን ሲቀስሩ ነገሩ የሚያርፈው በእንዲህ ያለው ሰው ላይ ነው።

በኋላ የተደረገው ነገር ፍርዱን ያጠናክራል። በ2013 የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ አዲስ ደንብ የሚጽፍ ሁሉ ስለ ሰው የግል ሕይወት ሊያስብበት የሚገባውን የሚዘረዝር መመሪያ አወጣ። ብራውዘሮችም አንዱ ድረ ገጽ ያስቀመጠው ምልክት በሌላው ድረ ገጽ ላይ እንዳይነበብ ማከማቻውን በግድግዳ መከፋፈል ጀመሩ፤ ፋየርፎክስ በ2022 ይህን ጥበቃ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ መደበኛ አደረገው። ይህ ሁሉ የአንድ ጋዜጣ ዘገባ ውጤት ነው ማለት አይደለም። ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ ግን ያሳያል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

የሙያው ማኅበር ሁልጊዜ ጆሮውን ይደፍናል ማለትም ሐሰት ይሆናል። በኦገስት 2001 ኮንሰርቲየሙ ስለ ፈጠራ መብት አንድ ረቂቅ አውጥቶ ነበር። በረቂቁ መሠረት አንዳንድ የድር ደረጃዎች «ምክንያታዊ» የተባለ ክፍያ የሚጠየቅባቸው የባለቤትነት መብቶች ሊኖሩባቸው ይችሉ ነበር። ነገሩ ለሳምንታት በጸጥታ ቆይቶ፣ የአስተያየት መቀበያው ጊዜ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት የቴክኖሎጂ ጋዜጦች አነሡትና ተቃውሞው እንደ ጎርፍ መጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደረሱ። ብዙዎቹ ቁጡ ነበሩ፤ ረቂቁን ሳያነቡ የጻፉም አልጠፉም። ማኅበሩ በእነዚህ ላይ ተንጠላጥሎ ሌሎቹንም ሊያጣጥል ይችል ነበር። ያደረገው ግን ቀነ ገደቡን አራዘመ፣ ከነፃ ሶፍትዌር ወገን ባለሙያዎችን ወደ ሥራ ቡድኑ ጋበዘ፣ በ2003ም ደረጃዎቹ ያለ ክፍያ እንዲሠራባቸው የሚያስገድድ መመሪያ አጸደቀ። ዛሬ ማንም ሰው ድረ ገጽ ሲሠራ የደንብ ኪራይ የማይከፍለው በከፊል በዚያ ጩኸት ምክንያት ነው።

የ2015ቱም ምሳሌ ትንሽ ቢመስልም ያስተምራል። አንድ ደንብ ድረ ገጾች የተጠቃሚውን የባትሪ መጠን ያለ ፈቃድ እንዲያነቡ ያስችል ነበር፤ የደንቡ ሰነድም ይህ በግል ሕይወት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ አነስተኛ ነው ብሎ አልፎት ነበር። የፈረንሳይና የቤልጂየም ተመራማሪዎች የባትሪው ቁጥር ሰውን ለአጭር ጊዜ ለይቶ ለመከታተል ሊያገለግል እንደሚችል አሳዩ፤ ጋርዲያንን የመሰሉ ጋዜጦችም አሰራጩት። ባትሪ ሰላይ ሆነ መባሉ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ፋየርፎክስ ግን በ2017 ይህን መስኮት ለድረ ገጾች ሙሉ በሙሉ ዘጋው። «አነስተኛ ነው» ብሎ የጻፈውን ቃል መልሶ መመርመር ለሙያ ውርደት አልሆነም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ነቀፋው ተሰምቶ፣ ተመዝኖ፣ በመጨረሻም ሳይፈጸም የቀረበት ጊዜ ነው። ፊልምና ሙዚቃ እንዳይቀዳ የሚያደርጉ ቁልፎችን ከብራውዘር ጋር የሚያገናኝ ደንብ ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት አከራከረ። ተቃዋሚዎቹ የጠየቁት አነስተኛ ነገር ነበር፤ የቁልፉን ድክመት መርምረው የሚያሳዩ ሰዎች በሕግ እንዳይከሰሱ ቃል ይገባልን አሉ። በርነርስ ሊ ቁልፉ ከድር ውጭ ከሚሆን በድር ውስጥ ሆኖ ጉዳቱ ቢቀንስ ይሻላል በሚል ሐሳቡን በግልጽ ጽፎ ተከራከረ። በ2017 ድምፅ ሲሰጥ 58.4 በመቶ ደገፈ፣ 30.8 በመቶ ተቃወመ፣ 10.8 በመቶ ድምፀ ተዐቅቦ አደረገ። ደንቡ ጸደቀ፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅትም በዚያው ዕለት ከማኅበሩ ወጣ።

ይህ አለመስማት ነውን? መስማትና መታዘዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነቃፊ ሁሉ የፈለገው ካልሆነለት አልተሰማሁም ማለት አይገባውም። ምክንያቱ ተገልጾ፣ ድምፁ ተቆጥሮ፣ ተቃውሞውም ተመዝግቦ የተወሰነ ውሳኔ፣ ስህተት እንኳ ቢሆን፣ «አንተ ምን ታውቃለህ?» ከሚል ዝምታ ይሻላል። ስህተትነቱ በኋላ ሊጠየቅበት ይችላልና። ይሁንና በዚያ ጉባኤ ድምፅ የሰጡት አባል ድርጅቶች ነበሩ፤ ቁልፉ የሚቆለፍባቸው ተመልካቾች ወንበር አልነበራቸውም። ጋዜጣው ምንም ቢሳሳት ከዚያ አዳራሽ ውጭ የቀረው ሰው የነበረው ወንበር እርሱ ብቻ ነበር።

ይህ ማለት ጋዜጠኛው ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። ሰነዱን ሳያነብ፣ የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ የሚጽፍ ሰው የሚጎዳው ባለሙያውን ብቻ አይደለም፤ የቆመለትን ተጠቃሚ ጭምር ነው። የተሳሳተ ዝርዝር ለሚሸሽ ሰው የተከፈተ በር ነውና። የማንቂያው ደወል በሐሰት በተደጋገመ ቁጥር እውነተኛው ሲመጣ የሚነሣ አይኖርም።

የባለሙያው ዕዳ ግን ይበልጣል፤ ኃይሉ ይበልጣልና። ዕዳውም ነቀፋን ሁሉ መቀበል አይደለም። በቅደም ተከተል መመለስ ነው። መጀመሪያ «ይህ ሰው የሚፈራው ነገር ሊደርስበት ይችላልን?» ብሎ መጠየቅና ለዚህ መልስ መስጠት፤ ዝርዝሩን ማረም ከዚያ በኋላ ነው። እርማቱ ቢቀድም ምንም ያህል ትክክል ቢሆን እንደ አጥር ያገለግላል፤ ቢከተል ግን ትምህርት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት ሳይሆን የልብ ልዩነት ነው።

ይህንንም ለመማር የሙያው ማኅበር ወደ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በ2007 ኤች.ቲ.ኤም.ኤልን ለማደስ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ራሳቸው አንድ የቅድሚያ ሕግ ጽፈዋል። ጥቅም ከጥቅም ሲጋጭ ከገጽ አዘጋጁ ይልቅ ተጠቃሚው፣ ከብራውዘር ሠሪው ይልቅ ገጽ አዘጋጁ፣ ከደንብ ጸሐፊው ይልቅ ብራውዘር ሠሪው፣ ከንድፈ ሐሳብ ንጽሕናም ይልቅ ደንብ ጸሐፊው ይቅደም ይላል። ደንብ ጸሐፊዎቹ ራሳቸውን ከሰዎች ሁሉ በኋላ አስቀመጡ። ማንም አላስገደዳቸውም።

ይህ የትሕትና ቃል በሰነድ ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው። የሚፈተነው ስማቸውን አሳስቶ፣ ቃሉን አዛብቶ፣ ነገር ግን የተጠቃሚውን ጭንቀት ይዞ የሚመጣ አንድ የማለዳ ጋዜጣ በራቸውን ሲያንኳኳ ነው። ያን ጊዜ ከውጭ የመጣ ቁና አያስፈልግም። ራሳቸው የሠሩት፣ ራሳቸው ልኩን ያወጡለት ቁና በእጃቸው አለ፤ የሚጠበቅባቸውም በእርሱ ለመሰፈር መፍቀድ ነው።